«ዝርግ»፦ ስለ አንድ የላሜራ ሥራ ስያሜ

አቅጣጫውን እየለወጠ፣ መጠኑም እየጠበበ ለሚሄድ የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ መገጣጠሚያ «ሾጣጣ ክርን» የሚለው ስያሜ ተስማሚ ነው፤ «ክርን» መታጠፉን፣ «ሾጣጣ» መጥበቡን ይገልጻልና። አስቸጋሪው የንድፉ ስያሜ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ለ«ልማት»ና ለ«ዕድገት»ም የሚያገለግል በመሆኑ ተርጓሚውን ሊያሳስት ይችላል። ሥራው ግን የተጠቀለለውን ገጽ ሳይለጥጡና ሳይሸበሽቡ በጠፍጣፋ ላሜራ ላይ መዘርጋት ነው፤ ስለሆነም «ዝርግ» ቢባል ይስማማዋል።

አሠራሩም ይህንኑ ያስረዳል። የመሠረቱ ራዲየስ 20፣ የጎኑ ርዝመት 60 ሳንቲሜትር የሆነ ሾጣጣ ሲዘረጋ የ120 ዲግሪ የክብ ቁራጭ ይሆናል፤ 20 ለ60 ተካፍሎ በ360 ይባዛልና። ሾጣጣው በሰያፍ ተቆርጦ አንደኛው ክፍል 180 ዲግሪ ሲዞር ሞላላ አፎቹ ገጥመው ክርኑን ያበጃሉ። የቁርጡን መስመር በዝርጉ ላይ ለመንደፍ ከሾጣጣው ጫፍ እስከ ቁርጡ ያሉት መስመሮች «እውነተኛ ርዝመት» ያስፈልጋል፤ በጎን ሥዕሉ ላይ ከሁለቱ የዳር መስመሮች በስተቀር ሌሎቹ አጥረው ይታያሉና። ተርጓሚው «እውነተኛ» የሚለውን ቅጽል ቢተወው ሠራተኛው ካጠረው መስመር ለክቶ ላሜራውን ያበላሻል።