በአፋር መንገድ ጠጠር የመታው መስታወት፦ እራስዎ ይጠግኑታል ወይስ ለባለሙያ ይሰጡታል?

ልጆቹ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው ግመል ይቆጥራሉ። ቁርስ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ተበልቷል። ወደ ድሬዳዋ የሚወስደውን መንገድ ወደ ቀኝ ትተው ፊትዎን ወደ ገዋኔና ሚሌ አዙረዋል። ሰመራ ለመድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀርዎታል። ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ የሚመጣ ተሳቢ ከሩቅ ብቅ ይላል። የአስፋልቱን ጠርዝ በጎማው ረግጦ ሲያልፍዎ «ጧ!» የሚል ድምፅ ይሰማሉ።

መኪናው አልቆመም፤ ሰውም አልተጎዳም። ነገር ግን ከፊትዎ ባለው መስታወት ላይ፣ ከስፖኪዮው ዝቅ ብሎ፣ ኮከብ የመሰለች ትንሽ ምልክት ተቀምጣለች። ባለቤትዎ «ሱፐር ግሉ ጠብ እናድርግበት?» ይላሉ። እርስዎ ደግሞ «ተዪው፣ አዲስ አበባ ስንመለስ እናሳየዋለን» ብለው ሙቀቱ እንዲቀንስ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ይከፍታሉ።

ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። ምሽት ላይ ሰመራ ሲደርሱ ያቺ ኮከብ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ስንጥቅ ሆና ልትጠብቅዎ ትችላለች። በትንሽ ወጪ ይጠገን የነበረው ሙሉ መስታወት ማስቀየርን ይጠይቃል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ኪስዎን የሚጎዳው ጠጠሩ ሳይሆን ከጠጠሩ በኋላ ባሉት ሰዓታት የሚያደርጉት ነገር ነው።

ጠጠሩ ምን አደረገ?

የመኪና የፊት መስታወት አንድ መስታወት አይደለም። ሁለት ስስ መስታወቶች በመካከላቸው ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን ተደርጎ የተጣበቁበት ነው። የዚህ ሐሳብ መነሻ ፈረንሳዊው ኬሚስት ኤድዋር ቤኔዲክተስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 በቤተ ሙከራው ውስጥ ከመደርደሪያ የወደቀች ብልቃጥ ተሰነጣጠቀች እንጂ አልተበታተነችም። ውስጧን የሸፈናት የደረቀ ኬሚካል ስብርባሪዎቹን አንድ ላይ ይዟቸው ነበር ይባላል። ዛሬም የፊት መስታወት ሲመታ ፊትዎ ላይ የማይረግፈው በዚሁ ዘዴ ነው። የጎንና የኋላ መስታወቶች ግን በአብዛኛው ከዚህ የተለዩ ናቸው። ሲመቱ እንደ በረዶ ጠጠር ይበታተናሉ፤ ስለዚህ ይቀየራሉ እንጂ አይጠገኑም።

ጠጠሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸርፈው የውጭውን መስታወት ብቻ ነው። በተሸረፈው ቦታ ውስጥ ግን አየር፣ አቧራና እርጥበት ይገባል። መስታወቱ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። የደከመችው ያቺ ነጥብ ይህን ጭንቀት መሸከም ሲያቅታት ስንጥቁ መንገድ ይጀምራል።

የአፋር መንገድ ለዚህ ዓይነት ጉዳት የተመቸ ነው። ከጅቡቲ የሚነሳው የአገራችን ገቢ ዕቃ አብዛኛው የሚጓዘው በጋላፊ፣ በሰመራ፣ በሚሌና በአዋሽ በኩል በከባድ መኪና ነው። እርስዎ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር፣ ከፊት የሚመጣውም እንዲሁ በ80 ከሆነ፣ ከእሱ ጎማ የተፈናጠረ ጠጠር መስታወትዎን የሚያገኘው እንደ ቆመ ነገር አይደለም፤ የሁለታችሁም ፍጥነት ይደመርበታል። ከዚህ በላይ ሙቀቱ አለ። በሞቃቶቹ ወራት ሰመራ ላይ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና መስታወት ደግሞ ከአየሩ በእጅጉ ይበልጥ ይግላል። በእንዲህ ያለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ኤሲ መልቀቅ የጋለ ብርጭቆ ውስጥ በረዶ እንደ መጨመር ነው።

በመጀመሪያው ሰዓት

መጠገኑ ይቆይ። መጀመሪያ ጉዳቱን ባለበት ማቆየት ያስፈልጋል።

1. ከመንገዱ ወጣ ብሎ ደህና ቦታ ላይ ይቁሙ። ተሳቢዎች በሚከንፉበት አስፋልት ዳር ልጆችን ከመኪና አያውርዱ።

2. በንጹሕና ደረቅ ጨርቅ ዙሪያውን ቀስ አድርገው ይጥረጉ። ውሃ አያፍስሱበት፤ የዝናብ መጥረጊያውንም አይጫኑ። በጥፍርዎ ወይም በመርፌ አይጎርጉሩት።

3. ግልጽ ስኮች ይለጥፉበት። በመንገድ ላይ የሚያስፈልግዎ መድኃኒት ይኸው ነው፤ አቧራና እርጥበት እንዳይገባበት ያደርጋል። እይታዎን እንዳይከልል ትንሽ ቁራጭ ይበቃል።

4. ኤሲውን መጠነኛ አድርገው፣ ነፋሱን ወደ መስታወቱ ሳይሆን ወደ ፊትና ወደ እግር ያዙሩት። ሲቆሙ ጥላ ይፈልጉ፤ ጥላ ከጠፋ መስታወቱን በመጋረጃ ወይም በነጠላ ይሸፍኑ። በሮችንም በኃይል አይዝጉ።

5. ፎቶ ያንሱት። አጠገቡ ሳንቲም ያስቀምጡ፤ በማግስቱ አድጎ እንደሆነ ያውቁበታል፤ ለኢንሹራንስም ይጠቅምዎታል።

ሱፐር ግሉና የጥፍር ቀለም ግን በፍጹም! ቁስሉ ውስጥ ገብተው ይደርቃሉ፤ በኋላ ባለሙያው ትክክለኛውን ሙጫ ለማስገባት ሲሞክር ቦታው ተይዞ ያገኘዋል።

እራስዎ መቼ ይሞክሩ?

በመለዋወጫ መደብሮችና ከውጭ በሚመጡ ዕቃዎች መካከል አነስተኛ የመስታወት መጠገኛ ስብስብ ይገኛል። በውስጡ መስታወቱ ላይ የሚጣበቅ መያዣ፣ ፈሳሹን የሚገፋ ሲሪንጅ፣ ሬዚን የሚባል ግልጽ ሙጫ፣ ስስ ፕላስቲክና ምላጭ አለ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሬዚኑ አንዴ ከደረቀ፣ ተበላሽቶም ቢሆን፣ አውጥቶ እንደገና መሙላት እጅግ ያስቸግራል።

ስለዚህ ቀጥሎ ያሉትን ሁሉ «አዎ» ካሉ ብቻ ይሞክሩ። ጉዳቱ የአንድ ብር ሳንቲም ሲያስቀምጡበት ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል? ከመስታወቱ ጠርዝ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይርቃል? ከሾፌሩ ዓይን ትይዩ ውጭ ነው? ከውስጥ በኩል በጣትዎ ሲዳስሱት ለስላሳ ነው? ከተመታ ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ አቧራም አልገባበትም?

ሁሉም ከተሟላ፣ ቀጣዩ ነገር ሰዓት መምረጥ ነው። በአዋሽም ሆነ በሰመራ እኩለ ቀን ላይ አይሞክሩት። ሬዚኑ የሚደርቀው በፀሐይ ውስጥ ባለው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ ፀሐይ ላይ ከሠሩ ወደ ስንጥቁ ጫፍ ሳይደርስ መሐል መንገድ ላይ ይደርቃል። የጋለ መስታወትም ተለጥጦ ስንጥቆቹን ስለሚያጠብባቸው ፈሳሹ መግቢያ ያጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ መኪናው ጥላ ውስጥ አድሮ፣ መዳፍዎን መስታወቱ ላይ ሲያሳርፉት ለብ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ ሰዓቱ እሱ ነው።

መያዣውን በቁስሉ መሐል አስተካክለው ይለጥፉ፤ ሬዚኑን ይጨምሩ፤ በመመሪያው መሠረት ሲሪንጁን እየሳቡና እየገፉ አየሩን ያስወጡ። አይቸኩሉ። ከውስጥ በኩል ሲያዩት ብር የመሰለው የአየር ብልጭታ ሲጠፋ ሞልቷል ማለት ነው። ከዚያ ስሱን ፕላስቲክ አልብሰው መኪናውን ወደ ፀሐይ ያውጡት። ቅድም ጠላት የነበረችው የአፋር ፀሐይ አሁን ረዳትዎ ናት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ታደርቀዋለች። የተረፈውን በምላጭ በጠፍጣፋው ይጥረጉ።

ሲጨርሱ ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብለው አይጠብቁ። የመጠገን ዓላማ ስንጥቁ እንዳይሄድ ማቆም ነው፤ ትንሽ ጠባሳ ይቀራል።

ባለሙያ የግድ ሲሆን

ከላይ ካሉት ጥያቄዎች ለአንዱ እንኳ «አይደለም» ካሉ፣ ስኮቹን ለጥፈው ወደ ባለሙያ ይሂዱ። ለሾፌሩ ትይዩ ያለው ክፍል በተለይ ቀልድ አያውቅም። በደንብ የተጠገነ ቦታ እንኳ የፊት ለፊት መብራት ወይም የማታ ጀንበር ሲያርፍበት ይበትነዋል፤ ያች ቅጽበት ግመል የሚሻገርባት ልትሆን ትችላለች። በእንግሊዝ አገር ዓመታዊ የመኪና ምርመራ፣ በመሪው ትይዩ ባለው 29 ሴንቲ ሜትር ስፋት ውስጥ ከ10 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ጉዳት ካለ መኪናው አያልፍም። በቀረው፣ የዝናብ መጥረጊያው በሚደርስበት ክፍል ደግሞ እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይፈቀዳል። መለኪያው ለእኛም ጥሩ መመሪያ ነው።

ባለሙያው በእጅዎ ካለው ስብስብ የሚበልጠው አየሩን በደንብ በሚስብ መሣሪያውና በአልትራቫዮሌት መብራቱ ነው። ለአንድ ትንሽ ቁስል ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። በመንገድ ዳር የሚያገኙት ጎሚስታ ጎማዎን በደንብ ይሠራልዎታል፤ የመስታወት ጥገና ግን ሌላ ሙያ ነው። «እኔም እችላለሁ» የሚልዎትን ሁሉ መሣሪያውን እንዲያሳይዎ ይጠይቁት።

ስንጥቁ ከአንድ ስንዝር ካለፈ፣ ጠርዝ ከነካ ወይም የውስጡ መስታወት ከተጎዳ መቀየር ነው። እዚህ ላይ ርካሽ ሥራ ውድ ያስከፍላል። በአዳዲስ መኪኖች የፊት መስታወት የመኪናው አካል አንዱ ምሰሶ ነው። መኪና ሲገለበጥ ጣሪያው እንዳይደፈጠጥ ያግዛል፤ በብዙ መኪኖች ላይም በጋቢና ተሳፋሪው በኩል ያለው ኤር ባግ ሲነፋ የሚደገፈው በእሱ ነው። በደንብ ያልተጣበቀ መስታወት አደጋ በደረሰበት ቅጽበት ሊነቀል ይችላል።

ለባለሙያው የሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

• የሚገባው መስታወት ለመኪናዬ ሞዴል የተሠራ ባለ ሁለት ድርብ ነው? (ጥግ ላይ ያለውን የፋብሪካ ጽሑፍ ያሳይዎ።)

• ማጣበቂያው የመኪና መስታወት ፖሊዩረቴን ነው? ጊዜው አላለፈም? ከስንት ሰዓት በኋላ መንዳት ይቻላል?

• ከስፖኪዮው ጀርባ ካሜራ አለ፤ ከተቀየረ በኋላ ማን ያስተካክለዋል?

የመጨረሻው ጥያቄ ዛሬ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ብዙዎቹም ከፊት ያለውን መኪናና የመንገድ መስመር የሚከታተል ካሜራ መስታወቱ ላይ አላቸው። መስታወቱ ተቀይሮ ካሜራው ካልተስተካከለ መኪናው የሚያየው የተሳሳተ መንገድ ነው።

ኢንሹራንሱስ?

በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የሌላውን ሰው ጉዳት እንጂ የእርስዎን መስታወት አይሸፍንም። ሙሉ ሽፋን ካለዎት ግን ውልዎን ገልጠው የመስታወቱን አንቀጽና እርስዎ የሚሸፍኑትን ተቀናሽ ገንዘብ ይመልከቱ። ለትንሽ ጥገና ከሆነ ተቀናሹ ከጥገናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ለመቀየር ከሆነ ግን መስታወቱ ሳይነካ በፊት ለድርጅቱ ያሳውቁ። መስታወት ሲቀየር ቦሎውና የመድን ስቲከሩ አብረው እንደሚሄዱም አይርሱ፤ ምትክ ማውጣት እንዳለብዎ አስቀድመው ያስቡ።

ለሚቀጥለው ጉዞ

የመኪናዎ ኪስ ውስጥ አንድ ጥቅል ግልጽ ስኮችና ንጹሕ ጨርቅ ያስቀምጡ። ከከባድ መኪና ጀርባ ተጠግተው አይንዱ፤ ጥርጊያ መንገድ ላይ ደግሞ ርቀቱን እጥፍ ያድርጉት። ከፊት የሚመጣ ተሳቢ ወደ ጠጠሩ ሲወጣ ካዩ ፍጥነትዎን ይቀንሱ፤ ከሁለቱ ፍጥነቶች በእጅዎ ያለው የእርስዎ ብቻ ነው።

ወላጆቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይሉ ነበር። ሚሌ ላይ ለምሳ ሲቆሙ፣ ልጆቹ የቆጠሩትን ግመል ሲከራከሩበት፣ ከመኪናው ወረድ ብለው ስኮቿ በቦታዋ መሆኗን ይዩ። ኮከቧ ከጠዋቱ መጠኗ ካላለፈች፣ ግማሹን ሥራ ሠርተዋል።