የሚነዝር አጥርና የከተማው ፈቃድ

በካሊፎርኒያ ከአንዳንድ መጋዘኖችና የመኪና መሸጫ ግቢዎች የውጭ አጥር ጀርባ ሌላ አጥር አለ። ቀጫጭን ሽቦዎች በአግድም ተወጥረውበታል፤ የሚያስጠነቅቅ ቢጫ ሰሌዳም በየተወሰነ ርቀት ተሰቅሎበታል። ይህ የኤሌክትሪክ የጥበቃ አጥር ነው።

ብዙ ሰው አጥሩ በቀጥታ ከመብራት መስመር ጋር የተገናኘ ይመስለዋል። እንዲያ ቢሆንማ ሰው ይገድል ነበር። ለንግድ ግቢ የሚተከለው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በ12 ቮልት ባትሪ ነው። ከባትሪው ጋር የተያያዘው መሣሪያ ቮልቴጁን ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ከፍ አድርጎ ሽቦው ላይ ይለቀዋል፤ ነገር ግን በሰከንድ ከአንድ ጊዜ በላይ አይደለም፣ እያንዳንዱ ልቀትም ከ10 ሚሊሰከንድ አያልፍም። ዘዴው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሳይቋረጥ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ጡንቻን አኮማትሮ እጅን ሽቦው ላይ ያስቀራል፤ ይሄኛው ግን ነዝሮ ይለቃል። ሽቦው ከተቆረጠም ደወል ይጮኻል።

ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችው ሕግ አጥሩን ለንግድና ለኢንዱስትሪ ቦታ ብቻ ፈቀደ፤ በመኖሪያ ሰፈር ግን አይተከልም። ቁመቱ ከ10 ጫማ እንዳይበልጥ፣ ማስጠንቀቂያው ቢበዛ በየ30 ጫማው እንዲሰቀልና ከሁለቱም ወገን እንዲነበብ አዘዘ። ከሁሉ ብልህ የምለው ግን የሚነዝረው አጥር ቢያንስ 6 ጫማ ከሚሆን ሌላ አጥር ጀርባ እንዲቆም ማስገደዱን ነው። ኳሱን ተከትሎ የሚሮጥ ልጅ ሽቦውን አያገኘውም፤ የሚያገኘው የመጀመሪያውን አጥር ዘሎ የገባ ነው።

ሕጉ ሲወጣ የመጨረሻውን ቃል ለከተሞቹ ተወላቸው፦ የከተማው ደንብ ከከለከለ አይተከልም ነበር፤ በቅድመ ሁኔታ ከፈቀደም ቅድመ ሁኔታው ይከበር ነበር። ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት ከተሞች የተለያየ መልስ ሊሰጡ ይችሉ የነበረው ለዚህ ነው። አጥሩን የማይወዱ ሰዎች «ሰፈሩን እስር ቤት ያስመስለዋል» የሚሉት ቅሬታ የዓይን ጉዳይ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛው ጥያቄ ግን ቀልድ አይደለም፤ በሌሊት ጭስ ውስጥ የአጥሩ ኤሌክትሪክ ማጥፊያ የት እንዳለ ማወቅ አለበት።

ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። እዚያ መጋዘን ወይም የመኪና ግቢ ያለህ አንባቢ፣ ለተካዩ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ዛሬ የሚሠራበትን ደንብ ከከተማህ የፕላን ቢሮ በጽሑፍ ተቀበል።