ድንኩ ስፕሩስና የአባቶቹ ባሕርይ

በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሚኒሶታ ቤት ገዝተው የተቀመጡ ወገኖቻችን በደጃፋቸው ግራና ቀኝ ተተክለው ከሚያገኟቸው ዕፀዋት መካከል፣ እንደ መሶብ ክዳን ወደ ላይ እየሾለ የሚሄደው የአልበርታ ድንክ ስፕሩስ አንዱ ነው፤ በበረዶው ወራት የሌላው ዛፍ ቅጠል ረግፎ አዕጹቁ ራቁታቸውን ሲቀሩ የዚህ ልምላሜ አይለወጥምና፣ በደብር ቅጥር ውስጥ ጽድ እያየ ያደገ ሰው ሲያየው ልቡ ደስ ይለዋል።

ታሪኩ የተጀመረው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. ነው። በቦስተን በሚገኘው በአርኖልድ የዕፀዋት ማኅደር ይሠሩ የነበሩት ሊቃውንት፣ አልፍሬድ ሬደርና ጆን ጃክ፣ በካናዳ በአልበርታ ምድር ላጋን በተባለው ሥፍራ አጠገብ፣ ቁመቱ 30 ሜትር ሊደርስ ከሚችለው ከነጭ ስፕሩስ ተወልደው ሳለ በድንክነት የቀሩ ችግኞች አገኙ፤ ዛሬ በየደጃፉ የሚታዩት፣ በዘር ሳይሆን ቅርንጫፍ እየተቆረጠ የተባዙ፣ የእነዚያ ተወላጆች ናቸው።

ድንክ መባሉ ግን አያድግም ማለት አይደለም። በዓመት ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ስለሚጨምር፣ ዛሬ ከጉልበት የማያልፈው ተክል ባለቤቱ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ እስኪያበቃ ድረስ ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል፤ ስለዚህ ከግድግዳ አርቆ መትከል ይገባል። ከዚህም በላይ፣ ፀሐይ የሚያግለው ግድግዳ ከሸረሪት ወገን ለሆኑ፣ ዓይን በጭንቅ ለሚያያቸው ተባዮች ይመቻል፤ ቅርንጫፉን በነጭ ወረቀት ላይ ሲያራግፉት የሚንቀሳቀስ ነቁጥ ከታየ፣ ተክሉን በብርቱ የውኃ ግፊት ደጋግሞ ማጠብ ይጠቅማል። በክረምትም ሥሩ በበረደ መሬት ታስሮ ሳለ ፀሐይና ነፋስ የቅጠሉን ርጥበት ስለሚወስዱበት፣ መሬቱ ከመርጋቱ በፊት አጥግቦ ማጠጣት ያስፈልጋል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን፣ ለብዙ ዓመታት በትሕትና የኖረው ይህ ዕፅ፣ አንድ ቀን የአባቶቹን ባሕርይ እንዳስታወሰ ሁሉ፣ ከመካከሉ ቅጠሉ የረዘመና የሻከረ፣ ፍጥነቱም የነጭ ስፕሩስ የሆነ ቅርንጫፍ ማውጣቱ ነው። ባለቤቱ ብርታት መስሎት ደስ ብሎት ቢተወው፣ ያ ቅርንጫፍ ብርሃኑንና ምግቡን እየተሻማ ድንኩን አካል ያሸንፈዋል። ጫፉን ብቻ መከርከም አይበቃም፤ የጣት ያህል ሳለ ከበቀለበት ከግንዱ ሥር በመቀስ መቆረጥ አለበት፤ ከወፈረ በኋላ በመጋዝ ሲወገድ የሚተወው ክፍተት፣ ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨት ዳግመኛ ስለማያቈጠቍጥ፣ ቶሎ አይሸፈንም።