መጣል የሚጀምረው በመያዝ ነው

የትግል ውድድርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመለከት ሰው ዓይኑ የሚያርፈው አንዱ ሌላውን አንስቶ ምንጣፉ ላይ በሚዘርርበት ቅጽበት ላይ ነው። ጭብጨባውም የሚቀልጠው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው መገፋፋት፣ እጅ መነጣጠቅና ግንባር ለግንባር መደጋገፍ ግን ጊዜ ማባከን ይመስላል። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ለዚያ ለተናቀው ክፍል ነው። ታጋይ የሚሸነፈው ከመሬት በተነሳበት ሰዓት ሳይሆን፣ አካሉን እንደ ልቡ የሚያዝበት አቅም አንድ በአንድ ሲወሰድበት ነው። ማጥቃት፣ መከላከልና መቆጣጠር ተብለው በሦስት የሚከፈሉት ስልቶችም ከሥራቸው ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁሉም የሌላውን ሚዛን ለመያዝና የራስን ላለማስያዝ የሚደረጉ ናቸው።

በኦሎምፒክ የሚካሄደው ትግል ሁለት ዓይነት ነው። በግሪኮ-ሮማን ከወገብ በታች መያዝም ሆነ በእግር መጥለፍ ክልክል ስለሆነ ሥራው ሁሉ በክንድ፣ በደረትና በዳሌ ይከናወናል። በፍሪስታይል ግን እግርም ይያዛል፣ ጠለፋና ጠረባም ይፈቀዳል። ሴቶች በኦሎምፒክ የሚወዳደሩት በፍሪስታይል ብቻ ሲሆን፣ የጀመሩትም እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ነው። ግጥሚያው 9 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ደቂቃ በሚፈጁ ሁለት ዙሮች ይካሄዳል። የቆመ ተጋጣሚን አውርዶ ከበላዩ ሆኖ መቆጣጠር 2 ነጥብ ያስገኛል፤ መሬት ላይ ያለውን ጀርባውን ወደ ምንጣፉ ማዞርም እንዲሁ 2 ነጥብ ነው። ከቆመበት በቀጥታ በጀርባው መጣል 4 ነጥብ፣ ከፍ አድርጎ በሰፊ ቅስት መወርወር 5 ነጥብ፣ ከክቡ ማስወጣት ደግሞ 1 ነጥብ ያሰጣል። በፍሪስታይል የ10፣ በግሪኮ-ሮማን የ8 ነጥብ ልዩነት ከተፈጠረ ግጥሚያው ሰዓቱ ሳይሞላ ያበቃል።

የዚህ ሁሉ መነሻ የሰው አቋቋም ነው። በሁለት እግሩ የቆመ ሰው የጸና ቢመስልም፣ አንድ እግሩ እንደጎደለ ባለሦስት እግር በርጩማ ነው። ሁለቱን እግሮች በሚያገናኘው መስመር አቅጣጫ ቢገፉት ይቋቋማል፤ መስመሩን አቋርጠው ወደ ፊት ቢስቡት ወይም ወደ ኋላ ቢገፉት ግን በዚያ በኩል የሚደግፈው ስለሌለ እግሩን ማንሳት ግድ ይሆንበታል። እግሮቹን በየትኛውም መልክ ቢያስቀምጥ ክፍት የሆነ አቅጣጫ አይጠፋም። ታጋይ ጉልበቱን አጥፎ፣ ዳሌውን ዝቅ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ክርኖቹን ከጎኑ ሳያርቅ የሚቆመው ለዚህ ነው። ዝቅ ማለቱ የክብደቱን ማዕከል ወደ መሬት ያቀርበዋል፤ ክርኑን ማስጠጋቱ ወደ ወገቡ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል፤ ክብደቱን በውስጥ እግሩ ፊተኛ ክፍል ላይ ማሳረፉ ደግሞ ክፍት ወደሆነው አቅጣጫ ሲሳብ ቶሎ እንዲራመድ ያስችለዋል። ይህ አቋቋም ሳይፈርስ የሚሞከር ጥቃት የመሳካት ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ የአጥቂው የመጀመሪያ ሥራ አቋቋሙን ማፍረስ ነው።

የሚያፈርሰውም በእጁ ነው። የእጅ አንጓን የያዘ ታጋይ ተጋጣሚው በየት በኩል እንደሚመጣ ያውቃል፤ ክርንን የያዘ ትከሻውን ያዞረዋል፤ ክንዱን በብብት ሥር አሾልኮ ያስገባ ደግሞ ደረቱን ከደረቱ አጣብቆ ወደ ወገቡ ይደርሳል። ከአንጓ ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ ብብት፣ ከብብት ወደ ወገብ የሚደረገው ጉዞ እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ክብደቱ ማዕከል ያቀርባል። ማጅራትን ይዞ ወደ ታች መጫን ሌላው መንገድ ነው፤ ጭንቅላቱ ወደ ታች የተሳበ ሰው ጀርባው ይጎብጣል፣ ዓይኑ መሬት ያያል፣ ክብደቱም ወደ ፊት ያደላል። እዚህ ላይ የሰው ተፈጥሮ ራሱ አጥቂውን ያግዘዋል። የተገፋ ሰው መልሶ ይገፋል፣ ወደ ታች የተሳበም ቀና ለማለት ይታገላል። ብልህ ታጋይ ወደ ታች ይጭንና ተጋጣሚው ቀና ባለበት ቅጽበት ከሥሩ ይገባል። አንድ እግር የሚይዘው ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ካለ በኋላ በረጅም እርምጃ ገብቶ፣ ጭንቅላቱን ከተጋጣሚው የጎን አጥንት አስጠግቶ፣ ጭኑን ወደ ደረቱ አቅፎ ነው። ከዚያ ወይ እግሩን አንስቶ መሬት ላይ የቀረውን ይጠርበዋል፣ ወይ በትከሻው ጭኑ ላይ ተጭኖ ያዞረዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ1992 የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘው አሜሪካዊው ጆን ስሚዝ ይህንኑ ስልት እስከ ቁርጭምጭሚት ዝቅ አድርጎ ስሙን አስጠርቶበታል። ቁርጭምጭሚት ከተከላካዩ እጅም ሆነ ከዳሌው እጅግ የራቀ ስለሆነ፣ እዚያ የደረሰን ጥቃት በክብደት መጫን አዳጋች ነው።

መከላከልም ከዚሁ እውቀት የሚመነጭ እንጂ ከማጥቃት የተለየ ጥበብ አይደለም። ተከላካይ የሚጠቀምባቸው እርከኖች በአጥቂው መንገድ ላይ በቅደም ተከተል የተሰለፉ ናቸው። በመጀመሪያ ግንባሩን ከአጥቂው ግንባር ፊት ያቆማል፤ ቀጥሎ በእጁ የእጅ አንጓውንና ትከሻውን ያግዳል፤ ሁለቱም ካለፉበት ዳሌው ይቀረዋል። እግሩ ሊያዝ ሲል ሁለቱንም እግሮቹን ወደ ኋላ ወርውሮ ዳሌውን በአጥቂው ትከሻና ማጅራት ላይ ይጥላል። አጥቂው አሁን የሚሸከመው አንድ እግር ሳይሆን ሙሉ ሰውነት ነው። ተከላካዩ በክንዱ ፊቱን ወደ ጎን ከገፋው በኋላ ዞሮ ከኋላው ሲሆን 2 ነጥቡ የእርሱ ይሆናል። መከላከሉ የት አብቅቶ ማጥቃቱ የት እንደጀመረ ለመለየት የሚያስችል መስመር የለም። ርቀትን መጠበቅም ከዚሁ ይቆጠራል። ስድስት ጊዜ በኦሎምፒያ ድል ያደረገው የጥንቱ ግሪካዊ ታጋይ ሚሎን ዘክሮቶን ለሰባተኛ ጊዜ ሲመጣ ወጣቱን የአገሩን ልጅ ቲማሲቴዎስን መርታት እንዳልቻለ፣ ወጣቱም አልቀርብም እንዳለው ጥንታዊው ጸሐፊ ጳውሳንያስ መዝግቧል። የዘመኑ ብርቱ ሰው ያልያዘውን መጣል አልቻለም።

ተጋጣሚው መሬት ከደረሰ በኋላ ያለው ክፍል ለተመልካች ጨለማ ቢሆንም፣ ክርክራችን ይበልጥ የሚጸናው እዚህ ነው። ከሥር ያለው በሆዱ ተለጥጦ ክርኖቹን ይሰበስባል፣ ከላይ ያለው ደግሞ ክብደቱን በትክክለኛው ቦታ ላይ ለማሳረፍ ይለፋል። ክንዶቹን በወገቡ ዙሪያ ቆልፎ፣ ደረቱን ከጀርባው አጣብቆ፣ በራሱ ትከሻና ጭንቅላት ላይ ተንከባሎ ሊያዞረው ይችላል። በፍሪስታይል ደግሞ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶች አጠላልፎ ከያዘ ደጋግሞ ያንከባልለዋል። ሒሳቡን እንመልከት፦ ማውረዱ 2 ነጥብ ነው፤ ከዚያ አራት ጊዜ ማንከባለሉ 8 ነጥብ ይሆናል፤ በድምሩ 10። አንዴ በወጉ የተቆለፈ አያያዝ ግጥሚያውን ሲዘጋው ከአሥሩ ነጥብ ስምንቱን ያመጣው ከውድቀቱ በኋላ የመጣው ቁጥጥር ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ሁለቱን ትከሻዎች ምንጣፉ ላይ አጣብቆ መያዝ አለ። ዳኛው ይህን ካረጋገጠ ሰሌዳው ላይ ያለው ነጥብ ምንም ይሁን ምን ግጥሚያው እዚያው ይፈጸማል። የስፖርቱ ሕግ የመጨረሻውን ድል የሰጠው ከፍ አድርጎ ለወረወረ ሳይሆን ይዞ ላስቀረ ነው።

ይህ ግንዛቤ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በግብፅ ቤኒ ሐሰን በሚገኘው የባቄት ሦስተኛው መቃብር ግድግዳ ላይ ከ4000 ዓመት ገደማ በፊት የተሣሉ ከ200 በላይ ጥንድ ታጋዮች አሉ። ሠዓሊው ከሁለቱ አንዱን ጠቆር፣ አንዱን ፈካ አድርጎ ቀብቷል፤ የማን ክንድ የማንን ወገብ እንደያዘ ሳይለይ ሥዕሉ ትርጉም እንደማይኖረው ገብቶታል። በግብፅ ኦክሲሪንከስ የተገኘው የሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግሪክኛ ፓፒረስ ቁራጭ ደግሞ የአሠልጣኝ መመሪያ ነው። መመሪያው አንዱን ታጋይ እንዲህ ያዝ ይልና ወዲያው ወደ ሌላው ዞሮ ከዚያ አያያዝ እንዴት እንደሚወጣ ያዛል፤ ከዚያም ሁለቱን ያጋጥማል። ማጥቂያውና መከላከያው በአንድ ትምህርት ውስጥ ተጣምረው እንጂ ለየብቻ አልተሰጡም።

ብርቱ ተቃውሞ የሚነሳው ከኃይል ወገን ነው። ጥበብ ይህን ያህል የሚወስን ከሆነ የክብደት ምድብ ለምን አስፈለገ? ተቃውሞው እውነት አለው፤ እውቀታቸው የተመጣጠነ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ የከበደው ይበልጣል። ሆኖም ምድቡ ራሱ ለእኛ ይመሰክራል። ክብደት ከተስተካከለ በኋላ ሁሉም እኩል መሆን ሲገባቸው ጥቂቶች ለዓመታት አይደፈሩም። ጃፓናዊቷ ካኦሪ ኢቾ ከ2004 እስከ 2016 በአራት ተከታታይ ኦሎምፒኮች፣ ኩባዊው ሚሃይን ሎፔዝ ከ2008 እስከ 2024 በአምስት ተከታታይ ኦሎምፒኮች ወርቅ ወስደዋል። ሎፔዝ አምስተኛውን ያገኘው በ41 ዓመቱ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ከወጣቶች ጋር በኃይል ብቻ መፎካከር አይቻልም። የክብደት ምድብ ባልነበረበት በ1896ቱ የአቴንስ ኦሎምፒክም ጀርመናዊው አጭር ጂምናስቲከኛ ካርል ሹማን፣ በዚያው ኦሎምፒክ በክብደት ማንሳት ወርቅ ያገኘውን ግዙፉን ላውንስተን ኤሊዮትን ጥሎ ውድድሩን አሸንፏል።

ስለ ኃይል ሲነሳ የሩሲያው አሌክሳንደር ካሬሊን ስም መምጣቱ አይቀርም። በሆዱ የተኛን የ130 ኪሎ ሰው በወገቡ ይዞ ከምንጣፉ አላቅቆ ወደ ኋላ ይወረውር ነበር፤ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቆች ወስዷል፣ ለ13 ዓመታትም በዓለም አቀፍ መድረክ አልተሸነፈም። ግን ያ ሁሉ ኃይል ወደ ተጋጣሚው የሚተላለፈው በተቆለፉት ሁለት እጆቹ ብቻ ነበር። በ2000 በሲድኒ ፍጻሜ አሜሪካዊው ሩሎን ጋርድነር እንዲያነሳው አልፈቀደለትም። በወቅቱ ሕግ ሁለቱ ተቃቅፈው ሁለተኛውን አጋማሽ ሲጀምሩ፣ ቀድሞ እጁ የተላቀቀ ለተጋጣሚው ነጥብ ይሰጥ ነበር፤ የተላቀቁትም የካሬሊን እጆች ነበሩ። ውጤቱ 1 ለ 0 ሆነ። ታላቁ ወርዋሪ የተሸነፈው ተወርውሮ ሳይሆን መያዣው ተፈትቶ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቁጥጥርን ማወደስ ጨዋታውን ያፈዝዘዋል የሚል ነው። በ1912 በስቶክሆልም ማርቲን ክላይንና አልፍሬድ አሲካይነን 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ታግለዋል፤ አሸናፊው ክላይን ከድካሙ የተነሳ ለወርቁ መግጠም አልቻለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ሥራ አስፈጻሚ ቦርድ ትግል ከ2020ው ኦሎምፒክ እንዲወጣ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ስፖርቱ ደንቦቹን አሻሽሎ በዚያው ዓመት መስከረም ቦታውን አስመለሰ። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ያነጣጠረው በቁጥጥር ላይ ሳይሆን ቁጥጥርን በሚሸሽ መጠበቅ ላይ ነው። እጅ ይዞ መቆም ቁጥጥር አይባልም፤ ቁጥጥር የሚባለው ቀጣዩን እርምጃ የሚከፍት አያያዝ ነው። የዛሬው ደንብም የሚለየው ይህንኑ ነው። በፍሪስታይል የማያጠቃ ታጋይ ከማስጠንቀቂያ በኋላ 30 ሰከንድ ይቆጠርበታል፤ በዚያ ጊዜ ማንም ነጥብ ካላገኘ 1 ነጥብ ለተጋጣሚው ይሰጥበታል።

ትግል በአገራችንም ከገና ጨዋታና ከገበጣ ጋር ከባህል ስፖርቶች ይቆጠራል፤ ጠልፎ መጣልንም በመስክ ላይ ያላየ ልጅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለእኛ የሚያስፈልገው ስፖርቱን እንደ እንግዳ መቀበል ሳይሆን ልምዱን ወደ ሥርዓት ማምጣት ነው። ጀማሪን በመወርወር የሚያስጀምር አሠልጣኝ ብርቱዎቹን ልጆች ቶሎ ያስደስታል፤ ደካሞቹን ያሸሻል፤ የሚወድቀውንም ለጉዳት ያጋልጣል። በአቋቋም፣ በእጅ አያያዝና በዳሌ አጠባበቅ የሚያስጀምር ግን ሁሉም ልጅ ሊማረው የሚችለውን ያስተምራል። የጣለውን ይዞ የሚያወርድ ታጋይ ተጋጣሚው እንዴት እንደሚያርፍም ይወስናል፤ ቁጥጥር ለድል የሚያስፈልገውን ያህል ለደኅንነትም ያስፈልጋል። ለጠንካራውም ለደካማውም፣ ለጣለውም ለወደቀውም የሚበጀው ሥልጠና አንድ ነውና፣ መያዝን ማስቀደም ከስልትነቱ አልፎ የአሠልጣኝ ኃላፊነት ነው።