ለጥቂት ጥማድ መሬት ትራክተር ስለ መምረጥ

ባለፈው በጋ ታናሽ ወንድሜ ከነባለቤቱ ወደ ቤቴ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ አራቱን በሬዎች ሸጠን ለትራክተር ቀብድ ልንከፍል አስበናልና ምክርዎን ይስጡን» አለኝ። መሬታቸው በሦስት ቦታ የተከፋፈለ 8 ጥማድ፣ ይኸውም 2 ሄክታር ያህል ነው። ትራክተሩን በሥዕል አይተውታል፤ ቀለሙ ቀይ፣ ኃይሉም 35 የፈረስ ጉልበት ነው። እኔ የሞተር ሰው ባልሆንም ቍጥር አስተምራለሁና፣ ከቀለሙ አስቀድመን ሥራውን እንቍጠር ብዬ ወረቀት አወጣሁ።

አንድ ጥማድ መሬት ሁለት በሬዎች ተጠምደው በአንድ ቀን የሚያርሱት እንደ ሆነ የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ 8 ጥማድ ለጤፍ አራት ጊዜ ቢታረስ በሁለት በሬ 32 ቀን፣ በአራት በሬ 16 ቀን ይፈጃል። ትራክተር ግን ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ማረሻ እየጐተተ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በስሌት ግማሽ ሄክታር ያርሳል፤ መዞሪያውና መደራረቡ ሲቀነስ ወደ ሲሶ ሄክታር ይወርዳል። ስለዚህ 2 ሄክታሩን አራት ጊዜ ለማረስ 24 ሰዓት ይበቃዋል። ከዓመቱ ሦስት ወይም አራት ቀን ብቻ ሠርቶ የቀረውን ጊዜ ቆሞ ይከርማል ማለት ነው፤ ዕዳው ግን አይቆምም።

ወንድሜ ዝም አለ። ባለቤቱ ግን፣ «ጋሼ፣ በሬ ሲደክመው ሣር በልቶ ያገግማል፤ ይህስ ሲሰበር ምን ይበላል?» አለችኝ። አንባቢ ሆይ፣ ከሻጭ ዘንድ ስትሄድ ይህን ጥያቄ አስቀድም። መለዋወጫውና መካኒኩ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ካልተገኙ፣ ርካሹ ትራክተር በእርሻ ወራት ውድ ይሆናል።

ለትንሽ መሬት የሚቀርበው በሁለት ዓይነት ነው። ባለሁለት ጐማውን ገበሬው እጀታውን ጨብጦ ከኋላው እየተራመደ ይነዳዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 16 የፈረስ ጉልበት አለው። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ በጠባብ ማሳም በቀላሉ ይዞራል። ነገር ግን ክብደቱ ጥቂት ስለ ሆነ በደረቀ ዋልካ ላይ ጐማው ይንሸራተታል። ባለአራት ጐማው ትንሽ ትራክተር አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት አለው። በእርሱም ቢሆን ክብደቱን በኪሎ መጠየቅ ይገባል፤ ክብደት የሌለው ጉልበት ጐማ ያሽከረክራል እንጂ ማረሻ አይጐትትም። የአየርላንዱ ተወላጅ ሃሪ ፈርጉሰን ያሰበው ባለሦስት ነጥብ ማያያዣ ለዚህ ችግር የተገኘ መላ ነበር፤ የማረሻውን ሸክም ወደ ኋላ ጐማዎች ያዛውራልና። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1946 እስከ 1956 የተሠራው ትንሹ ፈርጉሰን ከ500 ሺህ በላይ ተመርቷል።

የወንድሜ አንዱ ማሳ ተዳፋት ነው፤ እዚህ ላይ ቃሌን አጠነከርሁ። ሸክም ከኋላ ጐማዎቹ ዘንግ ከፍ ብሎ ታስሮ ሲጐተት የፊቱ ጐማ ተነሥቶ ትራክተሩ በነጂው ላይ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ሸክሙ ዝቅ ብሎ ይታሰር፤ ከነጂው ራስ በላይ የሚቆመው መከላከያ ብረት የሌለበትንም አትግዛ አልሁት። ብረቱ ኖሮ የወንበሩ ቀበቶ ካልታሰረ ነጂው ተፈናጥሮ ከሥሩ ይወድቃል።

በሬዎቹ አልተሸጡም። ወንድሜ ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር መሬታቸውን ቢቈጥሩ 40 ጥማድ ሆነ፤ በዚያው ስሌት 120 ሰዓት፣ ወደ 15 የሥራ ቀን ማለት ነው። ከመኸር በኋላም የኋላው ዘንግ መውቂያ ማሽን ያዞርላቸዋል። አሁን የቀራቸው በዝናብ መግቢያ የማን ማሳ ቀድሞ እንደሚታረስ መስማማት ነው፤ በዚህም ነገር ሁለት እሑድ ተሰብስበው ገና አልጨረሱም።