እግርን ለሐኪም ማሳየት አያሳፍርም
ስለ እግር ሕክምና ለአንጋጫና ለአካባቢዋ ሕዝብ የተሰጠ ማብራሪያ

የአምባሪቾ ተራራ በሚገኝበት በከምባታ ደጋ የሚኖር ገበሬ እንሰቱን ሲኰተኵትና እርሻውን ሲያርስ ዘመኑን የሚያሳልፈው አፈር እየረገጠ ነው። አፈሩ ቤተ ሰብን የሚመግብ በረከት ነው፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ በባዶ እግሩ ለሚረግጠው ሰው የተሰወረ ጉዳት አለበት። ይኸውም በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ነው።

ይህን በሽታ አንዳንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ተላላፊ ነው ብሎ ይሸሻል። ሁለቱም ስሕተት ነው። በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኢትዮጵያ ምርምር ያደረገው እንግሊዛዊው ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ፣ የበሽታው መነሻ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር መሆኑን ገልጦ ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ሰጥቶታል። የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በእግር ቆዳ ውስጥ ገብቶ የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይጐዳል፤ ፈሳሹም በእግር ውስጥ ተጠራቅሞ ያሳብጣል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ከተመረመሩት አዋቂዎች መካከል ከ100 አራት ያህሉ ታመው ተገኝተዋል፤ አንጋጫ በነበረችበት በቀድሞው የደቡብ ክልል ደግሞ ቍጥሩ ከ100 ስምንት ያህል ነበር። እንግዲህ ሕመምተኛው ብቻውን አይደለም።

ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚደረግለት አስቀድሞ ቢያውቅ ፍርሃቱ ይቀልለታል። ባለሙያው በመጀመሪያ እብጠቱ መቼና ከየት እንደ ጀመረ ይጠይቃል። ዝሆኔ ከእግር ጣትና ከመርገጫ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጕልበት አያልፍም። ቀጥሎም ባለሙያው እግሩን በቀስታ እየነካ ሕመምተኛው መንካቱን ያውቅ እንደ ሆነ ይመረምራል፤ የሥጋ ደዌ የእግርን ስሜት ያጠፋልና። እርሱም ቢሆን በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕክምናው ይጀመራል። እግሩ በንጹሕ ውሃና በሳሙና፣ በጣቶች መካከልና በቆዳው እጥፋት ውስጥ ሳይቀር በሚገባ ይታጠባል። ቀጥሎም ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውሃ ውስጥ ከሩብ ሰዓት እስከ ግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ የበረኪናው መጠን ቢበዛ ቆዳን ስለሚያቃጥል በባለሙያው ትእዛዝ ብቻ ይለካል። ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፤ በጣቶች መካከል ቍስል ወይም ፈንገስ ካለ ቅባት ይደረግለታል፤ የተሰነጣጠቀው ቆዳ ደግሞ በቫዝሊን ይለሰልሳል። እብጠቱ የበረታ እንደ ሆነ በፋሻ ይታሰራል። በመጨረሻም ሕመምተኛው ንጹሕ ካልሲና እግሩን የሚሸፍን ጫማ እንዲያደርግ፣ ሲቀመጥ እግሩን ከፍ እንዲያደርግና ቍርጭምጭሚቱን እንዲያንቀሳቅስ ይመከራል።

ይህ ሁሉ በየቀኑ በቤት የሚፈጸም ነው። የጤና ጣቢያው ተግባር ማስተማርና መከታተል ነው፤ ዋናው ሐኪም ግን ሕመምተኛው ራሱ ነው። እብጠቱ ሥር የሰደደ ከሆነ እግሩ ፈጽሞ እንደ ቀድሞው ይሆናል ብለን ተስፋ አንሰጥም። ነገር ግን እብጠቱ ይቀንሳል፤ ሽታውና ቍስሉ ይጠፋል፤ ሰውዬውም ወደ ሥራው ይመለሳል። በምሥራቅ ጎጃም የተደረገና በአውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዲህ ያለው እንክብካቤ እግሩ በድንገት የሚግልበትንና የሚያምበትን ጊዜ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ብዙ ሰው ይህን ሕመም «ምች መታኝ» እያለ ያልፈዋል። ብርድ ብርድ ሲል፣ እግሩ ሲቀላና ሲያቃጥል ግን ዐርፎ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። በምላጭ መብጣትና በእሳት መተኰስ በቍስል ላይ ቍስል መጨመር ነው።

ከእብጠቱ ይልቅ ሰውን የሚጐዳው ኀፍረት ነው። በዚህ ምክንያት ከትምህርት የቀረ ልጅ፣ ከዕድር የራቀ ሽማግሌ፣ ጋብቻዋ የፈረሰባት ልጃገረድ አሉ። በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው መታመሙ እውነት ነው፤ የሚወረሰው ግን አፈሩን ያለመቋቋም ጠባይ እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ስለዚህ ከሕመምተኛ የተወለደ ልጅ መራመድ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ጫማ ቢደረግለትና እግሩ ማታ ማታ ቢታጠብ ከበሽታው ሊጠበቅ ይችላል። ጫማ ለገበያና ለበዓል ቀን ብቻ የሚጠበቅ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የእርሻ መሣሪያ ሊሆን ይገባል።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እግሩን ሸፍኖ በጓዳ የተቀመጠ ጎረቤት እንዳለዎት ቢያውቁ፣ አይሽሹት፤ ቡና ጠርተው አብረውት ይቀመጡ፤ ይህንንም ጽሑፍ ያንብቡለት፤ በማግስቱም እስከ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ድረስ ይሸኙት።