መንገድ ሲዘጋ ሥራ አንፍታ

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 ቀን፣ የኮሮና በሽታ የያዘው ሰው በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በዚያው ወር መጨረሻ በባሕር ዳር፣ በእንጅባራ፣ በአዲስ ቅዳምና በጥሊሊ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ታገደ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብም ተከለከለ።

በሽታውን ለመከላከል መራራቅ ተገቢ ነበር። ሠርቶ ለሚያድር ሰው ግን ጊዜው ከባድ ነበር። ከእስቴ፣ ከጋይንትና ከስማዳ ብዙ ሰው መሬቱ አልበቃው ሲል፣ ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ይወርድ ነበር። ሌላው ደግሞ ለግንባታ ሥራ ከተማ ይገባ ነበር። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ደርሶ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሠራተኛ በብዛት የሚፈለገው ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። በዚያች ሳምንት መንገድ ያጣ ሰው የዓመት ገቢው አመለጠው ማለት ነው።

ታዲያ መንገድ የተዘጋበት ሰው ምን ያድርግ? አንድ የመካነ ኢየሱስ አካባቢ ወጣት ለታላቅ ወንድሙ እንዲህ አለው እንበል። «አያ፣ ጉልበት አለኝ። የሚገዛኝ ግን አጣሁ።» ወንድሙም «ጉልበትማ ሁሉም አለው። ከጉልበትህ ሌላ ምን ታውቃለህ?» ብሎ መለሰለት። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ጉልበት ብቻውን በርካሽ ይሸጣል። ዕውቀት የተጨመረበት ጉልበት ግን ዋጋ ያወጣል። ቤት የምንውልበትን ጊዜ ዕውቀት ለመጨመር ልናውለው እንችላለን። እንዴት ቢሉ፣ ሦስት ነገር እንናገራለን።

1. መለካትና ማስላት እንማር

የአረም ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያዘው በመሬት ስፋት ነው። አንድ ሄክታር ማለት ወርዱ 100 ሜትር፣ ርዝመቱም 100 ሜትር የሆነ መሬት ነው። ይህም 10,000 ካሬ ሜትር ነው። እንግዲህ ለአንድ ሄክታር አረም 2,000 ብር ተስማማን እንበል። ለአንድ ካሬ ሜትር 20 ሳንቲም ደረሰን ማለት ነው። አሠሪው አንድ ማሳ አሳይቶ «ይህ ሩብ ሄክታር ነው» ቢለን 500 ብር ይከፍለናል። እኛ ግን ለክተን ርዝመቱን 80 ሜትር፣ ወርዱን 60 ሜትር አገኘነው። 80 በ60 ሲባዛ 4,800 ካሬ ሜትር ይሆናል። ዋጋው 960 ብር ነው። ሳንለካ ብንገባ ኖሮ 460 ብር ላባችን ፈሶ ቀረ ማለት ነው።

ይህን ለመማር ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከልብስ ሰፊ ሜትር ተውሰን፣ ገመድ ላይ በየአንዳንዱ ሜትር ምልክት እናድርግ። 10 ሜትር ገመድ ይበቃል። መጀመሪያ የራሳችንን ማሳ እየለካን እንለማመድ።

2. ሙያ እንጨምር

ከጎረቤታችን ግንበኛ ካለ ሁለት ሦስት ሆነን፣ በበሽታ ጊዜም ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቀን፣ እየጠየቅን እንማር። ቱምቢ ማለት ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያሳይ፣ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር ነው። ውኃ ልክ ደግሞ ነገሩ አለመዝመሙን ያሳያል። ብዙ ጊዜ አርማታ ሲቦካ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ይገባበታል። ውኃ ከበዛበት ይደክማል።

መለማመጃውም ደጃችን ነው። በማሳችን ላይ የድንጋይ እርከን እንሥራ። ትልቁን ድንጋይ ከሥር እናስቀምጥ። የሁለት ድንጋይ መጋጠሚያ ላይ ሌላ ድንጋይ እንጫንበት። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ ከተደረበ ግንቡ ይሰነጠቃል። በዚህ ዓይነት እጃችን ሙያ ይለምዳል፣ አፈራችንም በጎርፍ አይሄድብንም። ሴቶችም ከዚህ ትምህርት አይቅሩ። በከተማ ግንባታ ድንጋይና አሸዋ ከሚያመላልሱት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ልኩን ያወቀች ሴት ተሸካሚ ብቻ ሆና አትቀርም።

3. ወረቀታችንን እናዘጋጅ

መታወቂያችን ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን፣ ስማችንም በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን እንይ። ሙያን በልምድ የተማረ ሰውም የብቃት ምዘና ወስዶ የምስክር ወረቀት ሊያገኝ እንደሚችል እንወቅ። መንገድ ሲከፈት ስለ ምዘናው ቴክኒክና ሙያ ተቋም ሄደን እንጠይቅ።

ስለ ውልም እንወቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ውል በቃልም ሊሆን ይችላል። በቃል ሲሆን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመበት ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። አረም ግን 15 ቀን ሳይሞላው ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ስፋቱን፣ ዋጋውንና ቀኑን በመጀመሪያው ቀን ጽፈን እናስፈርም። ማንበብና መጻፍ ያወቅነው ለዚህ ጭምር ነው።

እርግጥ ነው፣ ዕውቀት ብቻውን ለዛሬ እራት አይሆንም። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ጎረቤት ለጎረቤት መተጋገዝ፣ ያለውንም ቆጥቦ መብላት ያስፈልጋል። ነገር ግን መንገድ የተዘጋ ሁሉ አንድ ቀን ይከፈታል። ያን ቀን አሠሪው ፊት ሁለት ሰው ይቆማል። አንዱ እንደ አምናው ጉልበቱን ብቻ ይዞ ይመጣል። ሌላው ገመዱን፣ ሙያውንና ወረቀቱን ጨምሮ ይመጣል። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባላል። እኛም ሁለተኛውን ሰው ሆነን እንገኝ።